በጣና ላይ በዝግታ መሄድ፦ ስለ ትንሽ ጀልባ ኤሌክትሪክ ሞተር ፍጥነት አቆጣጠር

በትንሽ ጀልባ ላይ ኤሌክትሪክ ሞተር ለሚገጥም ዓሣ አጥማጅ ትልቁ ፈተና ዝግታ ነው። ማጥመጃውን ከጀልባው ኋላ እየጎተቱ ለማጥመድ ጀልባው ሰው በእግሩ ከሚሄድበት ፍጥነት እምብዛም ማለፍ የለበትም፤ በሰዓት ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ከዚያም በላይ ያ ፍጥነት ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ጀልባው ሲፈጥን ማጥመጃው ወደ ላይ ይነሣል፣ ሲዘገይ ደግሞ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ዓሣው ያለበትን ጥልቀት ማግኘትም ማጣትም በዚህ ይወሰናል።

በጣና ይህ የማጥመድ ዘዴ የሚሠራው ለሁሉም ዓሣ አይደለም። ቆረሶ በአብዛኛው በውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን አረንጓዴ ተክሎችን ስለሚመገብ የሚጎተት ማጥመጃ አያሳድድም። ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን ግን በሐይቁ ከሚታወቁት 15 ያህል ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ እየተንቀሳቀሰ የሚያልፍ ነገር የሚስባቸውም ለዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው እነርሱን ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል።

የቤንዚን ሞተር ለዚህ ሥራ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው፣ ጋዙ እስከ መጨረሻው ተቀንሶ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ይፈጥናል። ሁለተኛው የቦታው ጉዳይ ነው፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሞተሩም በባሕር ዳርቻ አገሮች ከሚሰጠው ጉልበት በግምት ከአምስት አንድ እጁን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ለመሥራት አየር ስለማይስብ ይህ አይነካውም።

አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ዓሣ አጥማጅ ያነሡልኝ ጥያቄ ግን ይህን ሁሉ የሚያስከነዳ ነበር። «በ5ኛው የፍጥነት ደረጃ ስሄድ ባትሪው ቢያልቅ አይገርመኝም፤ በ2ኛው እያዘገምሁ ሳለ የሚያልቀው ስለምንድን ነው?» አሉኝ። «አያ፣ ባትሪውን የሚበላው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ መቆጣጠሪያውም ይበላል» ብዬ መለስሁላቸው። ነገሩን በዝርዝር ላስረዳ።

በእጀታው ላይ 5 የፍጥነት ደረጃዎች ያሏቸው የቆዩና ርካሽ ሞተሮች በዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ላይ ፍጥነቱን የሚቀንሱት በሬዚስታንስ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሩ ከመድረሱ በፊት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ያልፋል፤ ጥቅሉም የቮልቴጁን ከፊል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ለምሳሌ ሞተሩ በዝቅተኛ ደረጃ 5 ቮልትና 12 አምፔር ቢፈልግ የሚጠቀምበት ኃይል 60 ዋት ነው። ባትሪው ግን በ12 ቮልት 12 አምፔር፣ ማለትም 144 ዋት ያወጣል። የቀረው 84 ዋት በሽቦው ሙቀት ሆኖ ውኃውን ከማሞቅ ሌላ ጥቅም የለውም። ከተሰጠው ኃይል ከግማሽ በላይ የሚባክነው እንግዲህ ዓሣ አጥማጁ ቀኑን ሙሉ በሚሄድበት በዚያው የዝግታ ደረጃ ላይ ነው።

ይህ ጥቅል በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ውኃ ውስጥ በሚገባው ክፍል ስለሚቀመጥ የሚቀዘቅዘው በሐይቁ ውኃ ነው፤ ሞተሩን ከውኃ አውጥቶ በዝቅተኛ ደረጃ ማስነሣት ጥቅሉን ያቃጥለዋል። ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች ሞተው 5ኛው ብቻ የሚሠራ ሞተር ስታዩ በቅድሚያ የምትጠረጥሩት ይህን ጥቅል ይሁን፤ 5ኛው ደረጃ ኤሌክትሪኩን በጥቅሉ ሳያሳልፍ በቀጥታ ስለሚወስድ ከጉዳቱ ይተርፋል።

ሁለተኛው ዘዴ ባለሙያዎች ፒደብልዩኤም የሚሉት ነው። ይህ መቆጣጠሪያ ቮልቴጁን በሙቀት አያባክንም፤ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ሞተሩ የሚያገኘውን አማካይ ቮልቴጅ ይወስናል። ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ሲረዝም ሞተሩ ይፈጥናል፣ ሲያጥር ይዘገያል። ከላይ ባነሣሁት ምሳሌ ለ60 ዋቱ ከባትሪው የሚወጣው 5 አምፔር ተኩል ገደማ ብቻ ይሆናል። የ100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሹን ብንጠቀም በሬዚስታንስ ከ4 ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ፣ በዚህኛው ግን 9 ሰዓት ያህል ያሠራናል። እኔ በግልጽ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ገንዘብ ያለው ሰው ሁለተኛ ባትሪ ከመግዛቱ በፊት መቆጣጠሪያውን ይለውጥ። በደረጃ ሳይወሰን ፍጥነቱን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል መቻሉም ለማጥመጃው ጥልቀት ዋጋ አለው።

በአሮጌ ሞተር ላይ ከውጭ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ያገኘ ሰው የሞተሩን የራሱን ደረጃ 5ኛው ላይ ይተው፤ 2ኛው ላይ ከተወው ሬዚስታንሱ አሁንም መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ የሚስበው ከፍተኛ አምፔር 30 ከሆነ 30 የተጻፈበትን መቆጣጠሪያ አትግዙ፤ ሰፋ ያለ መጠባበቂያ ያለው ይሁን። ኤሌክትሪኩ በተቋረጠ ቁጥር የሞተሩ ጥቅል የያዘው ኃይል መመለሻ መንገድ ስለሚያስፈልገው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) መኖሩን አረጋግጡ። ሙቀት ማስወጫውን አየር በሚያገኝበት፣ ውኃ ግን በማይረጨው ስፍራ አኑሩት። ወደ ፊት የሚሄድን ሞተር ሳያቆሙ በድንገት ወደ ኋላ ማዞር ደግሞ መቆጣጠሪያውን ሊሰብረው ይችላል።

ስለ ገመድ ብዙ ሰው አያስብም። ከባትሪው እስከ ሞተሩ 3 ሜትር ቢሆን ኤሌክትሪኩ ደርሶ መልስ 6 ሜትር ይጓዛል። በ4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 30 አምፔር ሲያልፍ 0.8 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፤ በ16 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ግን 0.2 ቮልት ብቻ። ቀጭኑ ገመድ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። ፊውዙ ለባትሪው ቅርብ ይሁን፤ ርቆ ከተገጠመ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ገመድ ከእሳት አይጠብቀውም።

ውኃ የሚቋቋመው ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱን በእጥፍ ለማሳደግ የሚጠየቀው ኃይል ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት ወደ ዘጌ አቅጣጫ በ4 ኪሎ ሜትር ያዘገመ ሰው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ በዚያው የመቆጣጠሪያ ቦታ ላይ ያንን ፍጥነት አያገኝም፤ ነፋሱ ከኋላ ሲሆን ደግሞ ያልፈዋል። ስለዚህ መዞሪያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳይሆን በስልክ ጂፒኤስ የሚታየውን ፍጥነት ተከተሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ አቅጣጫ ግን ውኃው ራሱ ስለሚሄድ የስልኩ ፍጥነት ማጥመጃው ውኃ ውስጥ ከሚሄድበት ፍጥነት ይለያል፤ እዚያ ማጥመጃውን በዓይን እያዩ ማስተካከል ይሻላል። በዚያ አካባቢ ጉማሬ ስላለ፣ ድምፅ በሌለው ሞተር በድንገት መቅረብም ትልቅ አደጋ አለው።

እምቦጭ እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ ከታየ ጀምሮ የሞተሩ ዘዋሪ ምላጭ ሌላ ጣጣ አግኝቷል። ሥሩ በምላጩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ ያንኑ ፍጥነት ለመጠበቅ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ጀልባው ሲዘገይ መቆጣጠሪያውን ከፍ ማድረግ ነገሩን ያባብሰዋል። አቁሙት፣ የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፣ ምላጩን ፍቱና ከኋላው ያለውን ዘንግ ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከሥሩ ጋር የተቆረጠ የማጥመጃ ክር ይገኛል፤ ክሩ ውኃ የሚከላከለውን ጎማ ከቆረጠው ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ወደ ዳርቻ የምትመለሱበትን ጊዜ በቮልት መለኪያ ወስኑ። ተራ የእርሳስ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ግማሹ ሲያልቅ ወደ 12.1 ይወርዳል። መለኪያው የሚታመነው ሞተሩ ከቆመ ጥቂት ቆይቶ ነው፤ እየሠራ ሳለ የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ ነው። ከዳርቻ ርቃችሁ ከሆነና ነፋሱ ከፊታችሁ የሚመጣ ከሆነ ከ12.1 በፊት ጀልባውን መልሱ።