ጥርት ያለው ውኃ አሸወደኝ

የኮንክሪት ፍተሻ ሥራዬ ነው። ስላምፕ (የእርጥቡን ኮንክሪት ቅጥነት) እለካለሁ፣ ኪዩብ (ለጥንካሬ ፍተሻ የሚሆን የኮንክሪት ናሙና) እሞላለሁ፣ በ7 እና በ28 ቀኑ እሰብራለሁ። ስለ ፍሳሽ ግን ማንም አስተምሮኝ አያውቅም። ከአራት ወር በፊት አለቃዬ አንድ የፒኤች መለኪያ (ፒኤች ማለት 7 ላይ መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ እንደ ኖራ የሚያቃጥል መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር ነው) እጄ ላይ አስቀምጦ «የፍሳሹንም ነገር አንቺ ያዥው» አለኝና ሄደ። በቃ፣ እንዲህ ተጀመረ።

እኔ ደግሞ ችግሩ ጭቃው ብቻ ይመስለኝ ነበር። የሚክሰር (የኮንክሪት ማደባለቂያ) እጣቢውን ጉድጓድ ውስጥ እናሳድረዋለን፤ ሲሚንቶና አሸዋው ይዘቅጣል፤ ከላይ የቀረውን ጥርት ያለ ውኃ ወደ ቦይ እንለቃለን። ቦዩ ወደ ቀሃ ይወርዳል። ቀሃ ማለት ጎንደር ላይ ለጥምቀት የፋሲል መዋኛን የሚሞላው ወንዝ ነው፤ ዞሮ ዞሮ መጨረሻው መገጭ፣ ከዚያም ጣና ነው።

ከሳይቱ በታች ጠላ የሚጠምቁ አንድ እናት አሉ። አንድ ቀን በር ላይ ጠበቁኝ። «ልጄ፣ ይኼ ውኃችሁ ጌሾዬን አደረቀው እኮ» አሉኝ። «እማማ፣ ውኃው እኮ ጥርት ያለ ነው፤ ይዩት» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝ። አፍሬ መለኪያውን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ሄድኩ። 12.4 አነበበ።

ጎንበስ ብዬ ሳየው ውኃው ላይ ስስ ነጭ ነገር ተጋግሯል፤ ቁርጥ የወተት ስልባቦት። በጣቴ ስነካው እንደ ቅርፊት ተሰባበረ። ሲሚንቶ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ኖራ ይለቃል፤ ኖራው ይሟሟል፤ የሟሟው ደግሞ ቀለም የለውም። ከላይ ያለው ብቻ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ይነጣል። ለብዙ ኢንዱስትሪዎች የተቀመጠው የፍሳሽ ፒኤች ገደብ ከ6 እስከ 9 ነው። ከ9 እስከ 12 ሦስት ቁጥር ብቻ ይመስላል እንጂ፣ እያንዳንዷ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሆነች አንድ ሺህ እጥፍ ነው።

የሚገርመው፣ በመጀመሪያው ወር ሪፖርቴ ላይ 8.3 ብዬ ጽፌ ነበር። አልዋሸሁም። ናሙናውን የወሰድኩት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሚክሰሩ ሳይታጠብ፣ ያውም የሰፈሩ ውኃ ከተቀላቀለበት ቦይ ነበር። አሁን የምወስደው ኮንክሪት በተሞላበት ቀን፣ እጥበቱ እንዳለቀ፣ ከጉድጓዱ መውጫ ላይ ነው። ሃይላንዱን በራሱ በናሙናው ሦስት ጊዜ አለቅልቄ እስከ አፉ እሞላዋለሁ። ፒኤቹን እዚያው እለካለሁ፤ ላብራቶሪ እስኪደርስ አልጠብቅም። የዝቃጩን መጠን ለሚለካው ላብራቶሪ የሚሄደው በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ ይገባል። መለኪያውን ደግሞ ፒኤቹ 7 እና 10 መሆኑ በታወቀ መፈተሻ ፈሳሽ አስተካክሉት። እኔ በ4 እና በ7 እያስተካከልኩ 12 ስለካ ከርሜያለሁ።

ከዚያ ፒኤቹን ለማውረድ አሲድ መጣ። ለሽንት ቤት ማጽጃ የሚሸጠውን ገዛን፤ ጓንትና መነጽር አድርገን፣ አሲዱን ወደ ውኃው (ውኃውን ወደ አሲዱ በፍጹም!) በጥቂት በጥቂቱ ጨመርን። ማታ ፒኤቹ 8 ላይ ወረደ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ጠዋት ስመጣ 11! መለኪያው ተበላሸ ብዬ ስንት ደቂቃ ተጣላሁት። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ ከሥር የተኛው የሲሚንቶ ዝቃጭ ሌሊቱን ሙሉ ኖራ ሲለቅ አድሯል። አሁን መጀመሪያ እናዘቅጣለን፣ የጠራውን ውኃ ወደ ሌላ በርሜል እንቀዳለን፣ አሲድ የሚያየው በርሜሉ ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ከአሲዱ በላይ የጠቀመን ውኃውን አለመልቀቅ ነው። ያንኑ ውኃ ለሚቀጥለው ሚክሰር እጥበት እንጠቀምበታለን። የኪዩብ ማቆያ ገንዳውንም በየወሩ መድፋት ትቻለሁ። እዚያ ውስጥ ኖራ የምንጨምረው እኮ የኪዩቡ ኖራ ታጥቦ እንዳይወጣ ብለን ነው፤ ታዲያ ለምን ይደፋል?

መለኪያ ለሌላችሁ፦ እርድ በውኃ በጥብጣችሁ ነጭ ወረቀት ቀቡና አድርቁ። የጉድጓዱን ውኃ ጠብ ስታደርጉበት ቢጫው ወደ ቀይ ከዞረ አትልቀቁት። ቁጥር አይሰጥም፣ ግን ለቀን ሠራተኞቹ ከእኔ ስብከት የበለጠ አስረድቷቸዋል።

ክረምቱ ገና አልተፈታልኝም። አንድ ከባድ ዝናብ ጉድጓዱን ሞልቶ ያፈሰዋል፤ ለጉድጓዱ መክደኛ ቆርቆሮ ጠይቄ መልስ እየጠበቅኩ ነው። ትናንት መውጫው ላይ 8.6 አነበብኩና ለእማማ ልነግራቸው ወረድኩ። ጌሾውን ከቦዩ አርቀው ተክለውታል።