የሞሊ ፒያኖ

ለታንዎርዝ መንደር የሚወረድባት ዳንዚ የምትባለው ጣቢያ ላይ ባቡር ዝም ብሎ አይቆምም። ወራጅ ካለ አስቀድሞ ለባቡሩ ሠራተኛ መናገር አለበት። እኔ ይህን የሰማሁት ከበርሚንግሃም ሙር ስትሪት ተሳፍሬ፣ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ፣ መንገዱን ካጋመስኩ በኋላ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ጊታሬን አየት አድርገው «ታንዎርዝ ነህ አይደል?» ባይሉኝ ኖሮ ስትራትፎርድ ድረስ ሄጄ ነበር። እንዴት እንዳወቁ ስጠይቃቸው ሳቁ። ጊታር ተሸክሞ በዚህ መስመር የሚመጣ ሰው ሌላ የት ይሄዳል?

ታንዎርዝ ኢን አርደን በእንግሊዝ፣ ዎርዊክሸር ውስጥ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ኒክ ድሬክ ያደገው እዚህ ነው፤ በ1974 በ26 ዓመቱ የሞተውም እዚሁ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በሕይወት እያለ ሦስት አልበም አወጣ፤ ገዢም ሰሚም ያን ያህል አላገኘም። ዛሬ ጊታር አንስቶ ስለ ራሱ በቀስታ የሚዘፍን ሰው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ከእሱ ጋር መነጻጸሩ አይቀርለትም።

እኔ የመጣሁት በችግር ነው። ስድስት ዘፈን ጽፌ ሰባተኛው እምቢ ብሎኛል። ሁሉም የግል ናቸው፤ መለያየት፣ ብቸኝነት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በቃ የታወቀው ነገር። እውነቱን ለመናገር ሐዘኑ ራሱ ሰልችቶኝ ነበር። የሐዘን አለቃ ወደሆነው ሰው መቃብር ሄጄ መፍትሔ መፈለጌ አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ከጣቢያው ዳገቱን በእግር ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ይታያል። የኒክ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ የተቀበረው ግቢው ውስጥ፣ ከአንድ የኦክ ዛፍ ሥር ነው። ድንጋዩ ትንሽ ነው፤ የጠበቅኩት ትልቅ ነገር ነበርና መጀመሪያ አልፌው ሄጃለሁ። ሰዎች ትተውት የሄዱት የጊታር ፒክ (ክሩ የሚመታበት ትንሽ ቁራጭ) ባይኖር ኖሮ አላስተውለውም ነበር። አባቱ ሮድኒና እናቱ ሞሊም ከእሱ ጋር እዚያው ናቸው። ከድንጋዩ ጀርባ ከመጨረሻው አልበሙ የመጨረሻ ዘፈን የተወሰደ አንድ ስንኝ ተቀርጿል፤ አሁን ተነሥተናል፣ በየቦታው አለን እንደ ማለት ነው። ዞር ብዬ ባላየው ኖሮ ጨለማውን ብቻ ይዤ ልመለስ ነበር።

ስለዚያ አልበም፣ ስለ «ፒንክ ሙን»፣ ትንሽ ልበል። የተቀረጸው በ1971 ኦክቶበር፣ ለንደን ውስጥ፣ በሁለት ሌሊት ነው። ስቱዲዮው ውስጥ የነበሩት እሱና የድምፅ ባለሙያው ጆን ዉድ ብቻ ናቸው። 11 ዘፈን፣ 28 ደቂቃ ገደማ። ከጊታርና ከድምፁ ሌላ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሰማል፤ በመጀመሪያው ዘፈን መሐል ጠብ ጠብ የሚሉ የፒያኖ ድምፆች። ለዓመታት ስሰማቸው እንደ ጌጥ ነበር የቆጠርኳቸው።

ኒክ ያደገበት ቤት ፋር ሊስ ይባላል። ሰው ይኖርበታል፣ ስለዚህ ከመንገድ ላይ ሆኜ ትንሽ አየሁና ሰው እንዳልረብሽ አለፍኩ። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ፒያኖ ነበረ። ሞሊ ራሷ ዘፈን ትጽፍ ነበር፤ ለመድረክ ሳይሆን ለቤት። ባሏ በቴፕ ይቀዳላት ነበር። ዘፈኖቿ ተሰብስበው ለሰፊው ሕዝብ የደረሱት እሷ ከሞተች ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። መንገዱ ዳር ቆሜ አንዱን ከፈትኩት። ከዚያ የልጁን። ከዚያ ተመልሼ የእሷን። ያው ያልጨረሰ የሚመስል፣ አንጠልጥሎ የሚተው አኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች)! ጊታሩን እንደዚያ ልዩ ልዩ ቅኝት እያደረገ የሚያሠቃየው (በየዘፈኑ መሐል ሲቃኝ ተመልካች ይሰላች ነበር ይባላል) የእናቱን ፒያኖ በስድስት ክር ለማምጣት ይመስለኛል። ግምቴ ነው፣ ተከራከሩኝ። ግን ስለ እሱ ሲወራ ሁልጊዜ ድብርቱና አሟሟቱ ሲነሣ፣ ሳሎኑ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም።

ጣቢያው ላይ ባቡር ስጠብቅ ጊታሬን አወጣሁና የ«ፒንክ ሙን»ን ቅኝት ሞከርኩ፤ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ሲ፣ ኢ። ወፍራሙ ክር ሲላላ ያንቧቸራል፣ ጣቴ ቦታውን ያጣል። የማውቃቸው አኮርዶች በሙሉ ጠፉ። እየነካካሁ ሳለ አንድ ዜማ መጣች፣ ግማሿ። የኔ አይደለችም። እናቴ ልብስ ስታጥፍ የምታንጎራጉራት ናት።

ደወልኩላት።

«እማ፣ ያቺን ልብስ ስታጥፊ የምትያትን እስቲ በይልኝ።»

«የቷን ልጄ? እኔ ደግሞ መች እዘፍናለሁ!»

«ትዘፍኛለሽ እንጂ። መጨረሻዋ ነው የጠፋኝ።»

ዝም አለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ባቡሩ ከሩቅ ብቅ አለ፤ ካልጠቆሙት አይቆምምና አንድ እጄን አንሥቼ፣ በሌላው ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።