ኩላሊት የመሰለችው ደሴትና የሐንስ ስም

ካርታ ሳገላብጥ ዓይኔ የሚያርፈው በሰፋፊዎቹ አህጉራት ላይ ሳይሆን ነጥብ በሚያህሉ ደሴቶች ላይ ነው። ደጋግሜ የምመለስባት በግሪንላንድና በካናዳዋ ኤልስሚር ደሴት መካከል፣ በናሬስ የባሕር ሰርጥ ውስጥ የቆመችው የሐንስ ደሴት ናት። ስፋቷ 1.3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዛፍም ነዋሪም የሌለባት ራቁት ዐለት ናት። የአካባቢው የሰሜን ዋልታ ተወላጆች የሆኑት ኢኑይቶች ታርቱፓሉክ ይሏታል፤ ቅርጿ ኩላሊት ይመስላል ለማለት ነው። ስም አውጪዎቹ የእንስሳ ሆድ ዕቃ ጠንቅቀው የሚያውቁ አዳኞች መሆናቸው ከቃሉ ያስታውቃል።

በዋልታ ካርታዎች ላይ የሚበዛው የነገሥታት፣ የመርከብ አዛዦችና ለጉዞው ገንዘብ ያወጡ ባለጸጎች ስም ነው፤ ሰርጡም የተጠራው በብሪታንያዊው የባሕር ኃይል መኮንን በጆርጅ ናሬስ ነው። ይህች ደሴት ግን የተሰየመችው በግሪንላንዳዊው አዳኝና ውሻ ነጂ በሐንስ ሄንድሪክ ነው። ሐንስ እ.ኤ.አ. ከ1853 እስከ 1876 ድረስ በአሜሪካውያኑ አሳሾች በኬን፣ በሄይስና በሆል እንዲሁም በናሬስ የዋልታ ጉዞዎች አገልግሏል። በ1872 ፖላሪስ የተባለችው መርከብ በበረዶ ስትያዝ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከሌሎች ጋር በድምሩ 19 ሰዎች በተንሳፋፊ በረዶ ላይ ስድስት ወር ያህል ወደ ደቡብ ተወሰዱ፤ በሕይወት የተረፉትም በዋናነት እርሱና ሌላ አንድ ኢኑይት ባደኗቸው የባሕር ውሾች ሥጋ ነው። ቅር የሚለኝ ነገር ቢኖር፣ ካርታው ሰውዬው በአገሩ ቋንቋ የሚጠራበትን ስም ሱዌርሳቅን ትቶ ሐንስን ብቻ መያዙ ነው።

ደሴቷ ከሁለቱም ዳርቻዎች 18 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ በካናዳም፣ ግሪንላንድ የግዛቷ አካል በሆነችው በዴንማርክም የ12 የባሕር ማይል (22 ኪሎ ሜትር ያህል) የግዛት ባሕር ክልል ውስጥ ትወድቃለች። በ1973 ሁለቱ አገሮች የባሕር ወለል ድንበራቸውን ሲያሰምሩ፣ መስመሩን ደሴቷ ዘንድ ሲደርስ አቁመው ከወዲያኛው ዳርቻዋ ቀጠሉት። ከዚያ በኋላ በተራ እየሄዱ ባንዲራ መትከልና የመጠጥ ጠርሙስ ማስቀመጥ ያዙ፤ ከጠብ ይልቅ የጎረቤት ቀልድ ይመስላል።

በሰኔ 2022 በኦታዋ በተፈረመው ስምምነት ደሴቷ ራሷን በሚከፍላት የተፈጥሮ ስንጥቅ ላይ ለሁለት ተካፈለች፤ በግሪንላንድና በካናዳዋ የኑናቩት ግዛት ያሉ ኢኑይቶችም እንደ ቀድሞው ለአደን እንዲመላለሱባት ተጠበቀላቸው።