ስድስት ወር ከላፕቶፕ አምፕ ጋር፣ አንድ ቀን ደግሞ ከቲዩቡ ጋር

ጥቅምት ላይ ነው የጀመርኩት። ደብረ ማርቆስ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ። ያለኝ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ትንሽ ሳጥን (ኦዲዮ ኢንተርፌስ) ነው። አምፕ፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያጎላው መሣሪያ፣ የለኝም። ቢኖረኝም ግቢውን ከአራት ቤተሰብ ጋር ስለምንጋራ ድምፅ ከፍ ማድረግ አይታሰብም። ስለዚህ የጊታር አምፕን በሶፍትዌር ወደሚያስመስሉት ፕለጊኖች ገባሁ። እዚህ የምጽፈው እንደኔ ብቻችሁን ለምትለማመዱ ነው። እኔ ያቃጠልኩትን ጊዜ እናንተ እንዳታቃጥሉ።

የመጀመሪያው ወር በከንቱ አለፈ። ድምፁ ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ታፍኖ ነበር የሚወጣው። «ዲጂታል እኮ ይኸው ነው» ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ጥፋቱን አገኘሁት። ጃኩን የሰካሁት ለኪቦርድና ለሚክሰር በተሠራው መግቢያ ነበር። የጊታር ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) አቅሙ ደካማ ነው፤ ኢምፒዳንሱ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሆነ መግቢያ ካላገኘ ቀጫጭኑ ድምፅ ይጠፋበታል። የእውነተኛው አምፕ መግቢያም እንደዚሁ ነው። ኢንተርፌሱ ላይ የጊታር ምልክት ያለባትን ቁልፍ ስጫን ክሮቹ ነፍስ ዘሩ።

ቀጥሎ ተቃራኒው መጣ። ዲስቶርሽን፣ ድምፁን የሚያሻክረውን፣ ስከፍት እንደተነካ የንብ ቀፎ ይጮኻል። ይሄም ምክንያት አለው። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ነው የሚያወጣው፤ የኔ ሄድፎን ግን ሁሉንም ያሰማል። መፍትሔው አይአር የሚባለው ፋይል ነው። አንድ ስፒከርና ማይክ ድምፅን እንዴት እንደሚቀርጹት የያዘ አጭር ቅጂ ነው። እንደኔ ልምድ የአምፑን ሞዴል ከመቀየር ይልቅ ይህችን ፋይል መቀየር ድምፁን ብዙ ይለውጠዋል። እባካችሁ መጀመሪያ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

ክሩን ከመታችሁ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ያለውን መዘግየት ብዙዎች ይፈሩታል፤ እኔ ብዙም አላስቸገረኝም። ኮምፒውተሩ ድምፁን በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየለካ (ሳምፕል እያደረገ)፣ በፈሩን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የሳምፕል ብዛት፣ 128 ካደረጋችሁት ወደ 2.7 ሚሊ ሴኮንድ ነው። ኢንተርፌሱ ራሱ ትንሽ ይጨምርበታል። ድምፅ በዚያች ጊዜ በአየር ላይ አንድ ሜትር እንኳ አይጓዝም።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ያስተማረኝ አንቺ ሆዬ ነው። አንቺ ሆዬ ውስጥ ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ኖታዎች አሉ። ሁለቱን አንድ ላይ በዲስቶርሽን ስትመቷቸው ይንገጫገጫሉ። ለምሳሌ 220 ኸርዝና 233 ኸርዝ አንድ ላይ ሲገቡ በመካከላቸው ያለው የ13 ኸርዝ ልዩነት ድምፁን ያርገበግበዋል። ይሄ በቲዩብ፣ ማለትም ሲሞቅ በሚሠራ የመስታወት ቱቦ፣ ድምፅ በሚያጎላው እውነተኛ አምፕም ያለ ነው፤ ጌይኑን (የሻካራነቱን መጠን) ቀንሶ ኖታዎቹን አንድ በአንድ መምታት ነው መላው። ሌላው ችግር ግን የዲጂታሉ የራሱ ነው። አንድ ማታ በመጀመሪያው ክር ላይ 17ኛው ፍሬት ይዤ ክሩን ወደ ላይ ስስብ፣ ከኖታው ሥር አንዲት ቀጭን ፉጨት ወደ ታች ስትወርድ ሰማሁ። እኔ እወጣለሁ፣ እሷ ትወርዳለች። ደጋግሜ አዳመጥኳት። ኮምፒውተሩ በ48,000 ሲሠራ ከ24,000 ኸርዝ በላይ ያለውን መያዝ አይችልም። ዲስቶርሽኑ ከዚያ በላይ የሚፈጥረው ሁሉ ታጥፎ ወደ ታች ይመለሳል፤ ከቅኝቱ ጋርም ዝምድና የለውም። ፕለጊኑ ውስጥ ኦቨርሳምፕሊንግ የሚለውን (ፕለጊኑ ከ48,000 በላይ ፈጥኖ እንዲያሰላ የሚያደርገውን) 4 ላይ ሳደርግ ጠፋች። ላፕቶፑ ግን ጋለ።

ጥር ላይ ለጥምቀት ባሕር ዳር ወረድኩ። እዚያ ድሮ ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ የነበሩ ጋሼ አሉ። ዘመዳቸው ከአሜሪካ ያመጣላቸው ፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ አላቸው። 22 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 9 ቲዩብ። ኤሌክትሪኩ የአሜሪካ ስለሆነ ከ220 ቮልት የሚያወርድ ከባድ ትራንስፎርመር አጠገቡ ተቀምጧል። ጋሼ ፓወሩን ከፈቱ፤ ድምፁን የሚለቀውን ቁልፍ፣ ስታንድባዩን፣ ግን ትንሽ አቆዩት። «ይሙቅ ልጄ፤ ምጣዱ ሳይሞቅ እንጀራ አይጋገርም» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ በክፍቱ ጀርባ ሳይ የቲዩቦቹ ውስጥ እንደ ፍም ቀስ ብሎ ይቀላል።

ቮልዩሙን 6 ላይ አድርገው ጊታሩን ሰጡኝ። ትዝታ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ ስነካው ጥርት ይላል፤ ጣቴ ጠንከር ሲል ይሻክራል። ያለ ምንም ቁልፍ፣ በጣት ብቻ። አንድ ኖታ ይዤ ወደ ስፒከሩ ዞር ስል ክሩ ከመሞት ይልቅ እየጎላ ሄደ። ከስፒከሩ የወጣው አየር ተመልሶ ክሩን ይገፋዋል። ሆዴ ድረስ ተሰማኝ። ሄድፎን ይሄን አይሰጥም፤ ሊሰጥም አይችልም።

ከዚያ ሹር 57 ማይክ ፊቱ አቁመን ኒውራል አምፕ ሞዴለር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም አምፑን ቀዳነው። ሦስት ደቂቃ ያህል የሚረዝም የሙከራ ድምፅ በአምፑ ውስጥ ታሳልፋላችሁ፤ የወጣውን ትቀዳላችሁ፤ ፕሮግራሙ የገባውንና የወጣውን እያነጻጸረ ይማራል። ስፒከሩና ማይኩ አብረው ስለተቀዱ ሌላ አይአር አትጨምሩበት።

ጋሼ በዲጂታል አያምኑም። በፈረንጆቹ 1998 የወጣውን ላይን 6 ፖድ፣ ያን ቀይ ባቄላ የመሰለ ሳጥን፣ አዲስ አበባ ሞክረውት ጠልተውት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው በማይክ የተቀዳውን አምፕና ፕሮግራሙ ተምሮ የሠራውን ሞዴል እያቀያየርኩ 8 ጊዜ አሰማኋቸው። 5ቱን አገኙ። ዝም አሉ። ከዚያ «እስቲ እንደገና ልቀቀው» አሉ።

የተቀዳ ከተቀዳ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ይህን ያህል ትንሽ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከአምፑ ፊት ስትቆሙ ግን ማንም አይሳሳትም። እኔ ለወራት ዲጂታሉን ስወቅስበት የነበረው አብዛኛው ጉድለት የኔው ነበር፤ በቲዩቡ ብቻ ያገኘሁት ደግሞ ያ ክሩን የሚገፋ አየር ነው። ሞዴሉም ቢሆን የሚያውቀው ቮልዩም 6ን ብቻ ነው። አምፑን 3 ላይ ብታደርጉት ሌላ አምፕ ነው።

እያወራን መብራት ጠፋ። አምፑ ሞተ። ኢንተርፌሱ በላፕቶፑ ባትሪ ስለሚሠራ ጋሼ ሄድፎኑን አድርገው የራሳቸውን አምፕ በጨለማ ተጫወቱት።

አንድ ስህተት ልጨምር። በዚያው ወር መጨረሻ ሠርግ ላይ ተጋብዤ ማታ በሄድፎን ያስተካከልኩትን ድምፅ በሞንታርቦ ለቀቅኩት። ባሱ ያጓራል፣ ቀጭኑ ጆሮ ይወጋል። ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ባሱንና ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል፤ ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1933 ያሳዩት ነገር ነው። ዝቅ አድርጌ ስሠራ ሁለቱንም አብዝቼባቸው ኖሯል። አሁን ለመድረክ የሚሆነውን ድምፅ ቀን፣ ግቢው ባዶ ሲሆን፣ በስፒከር ነው የማስተካክለው።

አሁን ጾም ነው፤ ማታ ማታ በሄድፎን ብቻ እለማመዳለሁ። ከፋሲካ በኋላ ባሕር ዳር ተመልሼ አምፑን 3 ላይ፣ 4 ተኩል ላይና 8 ላይ እቀዳዋለሁ። ጋሼ ክራራቸው ላይ ፒክአፕ እያስገጠሙ ነው። እሱንም በዴሉክሱ እንሞክረዋለን።