መጋቢት 10

ዛሬ መስቀሉ የተገኘበት ቀን ነው። መስቀል ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን መስከረም 17፣ ደመራውና አደይ አበባው ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ግን ንግሥት እሌኒ በመስከረም ያስጀመረችው ቁፋሮ ያበቃው መጋቢት 10 ነው። ቀኑ ሁዳዴ ላይ ስለሚውል ደስታው ለመስከረም ሆነ። ስቅለቱም እንዲሁ ነው፤ መጋቢት 27 ሆኖ ሳለ ክብረ በዓሉ ጥቅምት 27 ይውላል።

እኔን ግን የመጋቢቱ ይበልጥብኛል። ችቦ የለ፣ ጭፈራ የለ። ከበሮና ጸናጽሉ እንኳ አርፈዋል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱ በር ላይ ቆመው ያሳልሙ ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቀረቡ። ግንባራቸውን አስነኩ፣ ከዚያ መስቀሉን ሳሙት። አልቸኮሉም። ቀጥሎ የነበረው ልጅ የተሳለመው ስልኩን በአንድ እጁ እንደያዘ ነው። ስክሪኑ ላይ ቪዲዮ ቆሟል። የሰባኪ ቪዲዮ።

ሲያብሰለስለኝ የዋለው ይሄ ነው። ጣዖት ሲባል ገንዘብ፣ ኳስ፣ ዝና እንላለን። እነሱማ ያስታውቃሉ። የሚያስቸግረው ነጠላ ለብሶ የሚመጣው ነው። በምኩራብ፣ በሁዳዴ ሦስተኛው እሑድ፣ በሚነበበው ወንጌል ላይ ጌታ ያስወጣቸው በሬ፣ በግና ርግብ ሻጮች የሚሸጡት ለመሥዋዕት ነበር። ገበያው የገባው በአምልኮ በኩል ነው። ከወንጌሉ በፊት የሚዜመው የዕለቱ ምስባክም «ቅንዐተ ቤትከ በልዐኒ»፣ የቤትህ ቅናት በላኝ፣ ይላል። የኛም ስልክ በመዝሙር ይጀምራል፣ ስብከት ያስከትላል፣ ከዚያ ሰባኪ ከሰባኪ ሲካሰስ፣ ከሥሩ ሕዝቡ ሲሰዳደብ ታገኘዋለህ። አንድ ሰዓት ሄዷል። ስለ መስቀሉ ስንሰማ ቆየን እንላለን፤ የሰማነው ግን ስለ ሰዎች ነው። (የጾም በርገር ፎቶውንማ ተዉት።)

መስቀሉም የተቀበረው በአንድ ቀን አይደለም። ቆሻሻ ሲደፋበት፣ ሲደፋበት ነው ኮረብታ ያህል የሆነው።

አጫጭር ቪዲዮ የሚያሳየውን አፕ እስከ ትንሣኤ አጥፍቼዋለሁ። ማታ ስሰግድ ስልኩ ሌላ ክፍል ነው። ቴሌግራሙ ግን አለ፤ የመሥሪያ ቤቱም የሰንበት ትምህርት ቤቱም ግሩፕ እዚያ ነው። ብዙ የሚነታረከው ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ነው። የቱን ዘግቼ የቱን እንደምተው ገና አልለየሁም።