ፎልደሩን ስጡት፣ የቀረውን ለሱ ተዉት

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር እህቴ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። እዚያ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ብዙ ሥራ ይጠብቀዋል። ፕሪንተሩን ማዘጋጀት፣ የደንበኞችን ፋይል ባክአፕ ማድረግ፣ የቆዩ ስካኖችን ማጽዳት። ለዚህ ብዬ ኡቡንቱ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ያለውን ረን-ፓርትስ (run-parts) የሚባል ትእዛዝ እየሞከርኩት ነው። አንድ ፎልደር ትሰጡታላችሁ፤ ውስጡ ያሉትን ፕሮግራሞች በተራ ያስነሳል።

ከሁሉም የወደድኩለት የቴስት አማራጩን ነው። ምንም ሳያስነሳ፣ የትኞቹ እንደሚነሱ በስም ይዘረዝርላችኋል። መጀመሪያ እሱን እዩ፣ የምሬን ነው። ምክንያቱም ረን-ፓርትስ ስለ ፋይል ስም ግትር ነው። «ባክአፕ» ብላችሁ መጨረሻው ላይ ነጥብ ኤስኤች (.sh) ከጨመራችሁ፣ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስህተት አለ እንኳ አይላችሁም። በራሱ ደንብ የሚቀበለው የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥር፣ ሰረዝና የግርጌ ሰረዝ ብቻ ነው። በአማርኛ የሰየማችሁት ፕሮግራምም አይነሳም ማለት ነው፤ ይሄ ያበሳጨኛል። ደግነቱ ደንቡን በሬጅኤክስ አማራጭ (የትኛው ዓይነት ስም እንደሚፈቀድ በምልክቶች በሚገለጽበት) መቀየር ይቻላል።

ተራውም ልብ ይባል። ስሙ በ10 የሚጀምረው ፋይል በ2 ከሚጀምረው ይቀድማል፣ ምክንያቱም የሚያነበው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ነው። ስለዚህ 2ን 02 ብላችሁ ጻፉ።

አንዱ ፕሮግራም ሲከሽፍ እዚያው እንዲያቆም ማዘዝም ይቻላል። ለእህቴ ግን ይሄን አላደረግኩትም። ፕሪንተሩ እምቢ ስላለ የሰው ፋይል ባክአፕ ሳይደረግ መቅረት የለበትም።