ሙርስ ፎርድ ድልድይ ላይ

ቅዳሜ ጠዋት ከአትላንታ ወጥቼ ሃይዌይ 78ን ይዤ ወደ ሞንሮ ከተማ ነዳሁ። ጆርጅ ዶርሲ ስለሚባል ጥቁር ወታደር ሳነብ ነው የከረምኩት፣ የተገደለበትን ቦታ ሳላይ ልተወው አልቻልኩም።

ጆርጅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አምስት ዓመት ገደማ አገልግሎ ፓስፊክ ድረስ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ወደ ጆርጂያ ከተመለሰ አንድ ዓመት እንኳን ሳይሞላው ነው ጁላይ 25፣ 1946 የገደሉት። ጸቡ የሱ አልነበረም። የእህቱ ባል ሮጀር ማልኮም አንድ ነጭ ገበሬ በቢላ ወግቶ ሞንሮ ታስሮ ነበር፣ ጆርጅ መሬቱን የሚያርስለት ሎይ ሃሪሰን የሚባል ባለመሬት 600 ዶላር ዋስ ከፍሎ አስፈታውና እሱን፣ ሚስቱን ዶሮቲን፣ ጆርጅንና የጆርጅን ሚስት ሜን መኪናው ላይ ጭኖ ሲመለስ ድልድዩ ጋ የታጠቁ ሰዎች መንገድ ዘግተው ጠበቋቸው።

ሃሪሰን እንደተናገረው መጀመሪያ ያወረዱት ወንዶቹን ብቻ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ከመሃላቸው አንዱን አውቃ ስትጮህ ነው ተመልሰው እነሱንም የወሰዷቸው። ከ60 በላይ ጥይት ነው የተተኮሰባቸው። ፊቱን የሸፈነ አልነበረም፣ ቀኑም ገና አልጨለመም፣ ሃሪሰን ግን ማንንም አላውቅም አለ። ያወቀችው ሞተች፣ አላውቅም ያለው ቤቱ ገባ። ይቺን ካነበብኩ በኋላ ስንት ቀን እንቅልፍ እንዳጣሁ።

ሃይዌዩ ዳር በ1999 የቆመ ምልክት አለ፣ መኪናዬን አቁሜ ሁለቴ አነበብኩት። ግድያው እስከዛሬ እልባት እንዳላገኘና ፕሬዝዳንት ትሩማን ለሲቪል መብት ሕግ እንዲነሱ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይላል። እኔን የሚነካኝ እዚ ጋ ነው። አያቴ የቃኘው ዘማች ነበር፣ ኮሪያ ላይ ከአሜሪካኖቹ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው የተዋጋው። ትሩማን በሠራዊቱ ውስጥ ጥቁርና ነጭ መለየት እንዲቀር ያዘዙት ጁላይ 26፣ 1948 ነው፣ ከነጆርጅ ግድያ ሁለት ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ። አያቴ የሄደው ወደዛ መለወጥ ወደጀመረ ጦር ነው፣ እና ለጆርጅ ውለታ ያለብኝ ይመስለኛል።

ድልድዩ ራሱ ምንም የለውም። የድሮው የእንጨቱ ፈርሶ አሁን ያለው ኮንክሪት ነው፣ ከስሩ የአፓላቺ ወንዝ ቀይ ጭቃ ተሸክሞ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ዳርና ዳሩ ዛፍ ብቻ። ለረጅም ሰዓት ቆምኩ። ኤፍቢአይ እዚ አካባቢ ወደ 2,800 ሰው አነጋግሯል፣ በዛው ዓመት ዲሴምበር ላይ ግራንድ ጁሪ፣ ማለት ሰው ይከሰስ አይከሰስ የሚወስን የዜጎች ሸንጎ፣ 16 ቀን ተቀምጦ ከ100 በላይ ምስክር ሰምቷል፣ በግድያው ግን አንድም ሰው አልተከሰሰም። በ2018 የጆርጂያ መርማሪዎች ፋይሉን ዘጉት። በ2020 ደግሞ አትላንታ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የግራንድ ጁሪው ቃል እንደታሸገ እንዲቆይ ወሰነ። ሚስጥሩ የሚጠበቀው ለማን ነው እኮ? ጠያቂዎቹ በብዛት አርጅተዋል፣ ተጠያቂዎቹም አብዛኞቹ ሞተዋል።

የጆርጅ መቃብር እንኳን ለ50 ዓመት ያህል ስም አልነበረበትም፣ በ1999 ነው እንደ ወታደር የክብር ሥነሥርዓት የተደረገለት።

እዛው ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና "ልጄ፣ በይ ስማቸውን ጠርተሽ ነፍስ ይማር በይልኝ" አለችኝ። ጆርጅ፣ ሜ፣ ሮጀር፣ ዶሮቲ ብዬ ጮክ አድርጌ ጠራሁ።

ወደ መኪናዬ ስመለስ አንድ ፒካፕ ቀስ ብሎ አለፈ፣ የሚነዳው ሽማግሌ ነጭ እጁን አንስቶ ሰላም አለኝ። እኔም እጄን አነሳሁ። ከዛ ቁጭ ብዬ ሞተር ሳላስነሳ ዕድሜውን አሰላሁ፣ ያኔ ስንት ዓመቱ ይሆን ነበር፣ አባቱስ ያን ቀን ማታ እራት ላይ ምን ብሎ አወራ።